ዋልካ የሚያነብ ካርታ

ሱዳን ውስጥ ከገላባት ወደ ገዳሪፍ ስንጓዝ ዶካ አጠገብ አረፍ ባልንበት አንድ ሽማግሌ ትራክተር ነጂ፣ «ልጄ፣ ቀን ከሆነ ጠልህ ሥር ተኛ፤ ሲመሽ ግን ተነስ» አሉኝ። ጠልህ ሱዳኖች በቀላ ያለ ግንዱ የሚለዩት፣ እኛ ዋጩ የምንለው ግራር ነው። ሽማግሌው ሳያውቁት የነገሩኝ እኔ የምወደውን ሙያ ነበር፤ አንድ ፍጥረት የት እንደሚኖር ከአፈሩ፣ ከዛፉና ከሰዓቱ መገመት።

ሥራው በአጭሩ እንዲህ ነው። ዝርያው የተገኘባቸው ነጥቦች ይሰበሰባሉ፤ የዝናብ፣ የሙቀት፣ የከፍታና የአፈር ካርታ ይደረብባቸዋል፤ ኮምፒውተሩ ለዝርያው የሚስማማውን ለይቶ ሰው ያልረገጠውን ቦታ ይገምታል። ማክሰንት የተባለው ፕሮግራም በነፃ ይገኛል።

ሽማግሌው እንድሸሻት የመከሩኝ የካላ-አዛር በሽታ አስተላላፊዋን የአሸዋ ዝንብ፣ ፍሌቦቶመስ ኦሪየንታሊስን ነው። ስሟ ብዙ ሰው አሳስቷል። በዚህ አካባቢ አሸዋ ላይ የሚፈልጋት ይደክማል፤ ቤቷ ዋልካ ነው። ክረምት የጠጣው ጥቁር አፈር በበጋ ሲደርቅ ክንድ የሚያስገባ ንቃቃት ይከፍታል፤ የውስጡ እርጥበትና ጥላ ከትንኝ እጅግ ለምታንስ ለስላሳ ነፍሳት መጠለያ ነው። እጄን ወደ ንቃቃቱ ሰድጄ አውቃለሁ፤ ላዩ ሲያቃጥል ውስጡ ቀዝቃዛ ነው። ማታ ድምፅ ሳታሰማ ትወጣለች። ሰሊጥ ለማጨድ ከደጋ ወደ መተማና ሁመራ የሚወርደው ወጣት ሜዳ ላይ ሲያድር የምታገኘው እዚያ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1999 ማዴሊን ቶምሰን፣ ዲያ ኤልዲን ኤልናዬምና ባልደረቦቻቸው የዝንቧን መኖሪያ ለሱዳን በካርታ ሲገምቱ፣ ከሁሉ ጎልተው የወጡት የአፈር ዓይነትና ከፍተኛው ሙቀት ነበሩ። በ2003 ደግሞ በገዳሪፍ መንደሮች የበሽታው ልዩነት ከዝናብና ከከፍታ ጋር እንደሚሄድ ታየ።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ። ተማሪዎቼ ካርታውን ያመጡና ነጩን ቦታ እየጠቆሙ «እዚህ ዝንቧ የለችም» ይሉኛል። ወጥመድ ማን ተከለ? ዋልካ በክረምት መኪና አያሳልፍም፤ ስለዚህ ወጥመዱ፣ ማለትም ዘይት የተቀባው ወረቀት፣ የሚሰቀለው በበጋ፣ ያውም ከመንገዱ ዳር ነው። ይህን ያላረመ ሞዴል የሚማረው የዝንቧን ሳይሆን የመንገዱን ጠባይ ነው። ከዚያ ነጥቦቹን በዘፈቀደ ለሁለት ከፍለው ግማሹን ለማስተማር፣ ግማሹን ለመፈተን ያደርጉና ውጤቱ አማረ ብለው ይደሰታሉ። መፈተኛው መንደር ከማስተማሪያው አጥር ለአጥር ከሆነ ምን ተፈተነ? ገዳሪፍ ላይ የሠለጠነ ሞዴል ራቅ ብሎ ይፈተን።

እ.ኤ.አ. በ2005 በደቡብ ጎንደር ሊቦ ከምከም ካላ-አዛር ተነሣ። መጀመሪያ ወባ መስሎ ነበር፤ በሽታው የቆላ ነው ሲባል ኖሯልና 2000 ሜትር ገደማ ላይ ማን ይጠብቀው? ወደ ቆላ ለሥራ የወረዱ ሰዎች ይዘውት ሳይመለሱ አልቀረም ተብሎ ይታሰባል። ዝንቧ ግን በአካባቢው ተገኝታለች። ከፍታውን ብቻ ያየ ሰው ይገረማል፤ የፎገራን ሜዳ ዋልካ በበጋ ሲሰነጠቅ ያየ ግን አይገረምም። የተለመዱትን አሥራ ዘጠኝ የአየር ንብረት መለኪያዎች በአንዴ ለፕሮግራሙ የምታጎርሱ ልጆች፣ አፈሩን አትርሱ።

በካርታ ላይ ያልታየ ሁሉ የለም ማለት እንዳልሆነ አልጣሽ ፓርክም ይመሰክራል። ከሱዳኑ ዲንደር ጋር በሚዋሰነው በዚህ ፓርክ አንበሳ መኖሩ በካሜራ ተረጋግጦ ለዓለም የተነገረው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። የአካባቢው ሰው ግን ድሮም ያውቅ ነበር።

ስለዚህ ወጥመድ የምትሰቅሉ ሁሉ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ፦ ምንም ያልያዛችሁበትንም ሌሊት ከነቦታውና ከነቀኑ መዝግቡ፤ ካርታውንም ስታሳትሙ ማንም ያልደረሰበትን መሬት በሌላ ቀለም አሳዩት።