ማክሰኞ የሚመጣ ሰው

ደረጃው በሚታጠፍበት፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ፎቅ መካከል፣ አንዲት አዛውንት በፕላስቲክ ወንበር ላይ አረፍ ብለው አገኘኋቸው። ወንበሩን ጎረቤት ለእሳቸው ማረፊያ ብሎ እዚያው ትቶላቸዋል። እግራቸው ሥር ግማሽ ድረስ ውኃ የያዘ ቢጫ ጀሪካን ነበር።

«ልጄ፣ ዛሬ ማክሰኞ ነው?»

«ረቡዕ ነው፣ እማማ።»

«እንግዲያ ትናንት አልመጣችም ማለት ነው» አሉ፣ ለጀሪካኑ የሚነግሩት ይመስል።

ጀሪካኑን አራተኛ ፎቅ አድርሼ ወደ ሥራዬ ሄድኩ። ጥያቄያቸው ግን አብሮኝ ዋለ፤ አብሮኝም ሰነበተ። የሚጠብቋት ልጅ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ናት። በክረምቱ በጎ ፈቃድ ተመዝግባ ሐምሌንና ነሐሴን ማክሰኞ ማክሰኞ እየመጣች ውኃ ትቀዳላቸው፣ የደም ግፊት መድኃኒታቸውን ታመጣላቸው፣ ፀጉራቸውን ትሠራቸው ነበር። መስከረም ጠባ፣ ትምህርት ተከፈተ፣ ልጅቷም ቀረች። ጥፋት የለባትም። እማማም አልወቀሷት፤ ቀን መቁጠሩን ግን አልተዉትም።

ያ ረቡዕ መስከረም 21 ቀን 2018 ዓ.ም. መሆኑ የታወሰኝ ማታ ዜና ስሰማ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በታኅሣሥ 1983 የአረጋውያን ቀን ብሎ የወሰነው ይህንኑ ዕለት ነው። እኛ ዘንድ ቀኑ የሚውለው ክረምቱ አልቆ፣ በጎ ፈቃደኞቹ ደብተራቸውን ይዘው ከተመለሱ በኋላ ነው።

የክረምቱን ሥራ ማቃለል አይገባም። ዝናብ ሲያፈስባቸው የኖሩ ስንት የቀበሌ ቤቶች ቆርቆሯቸው ተቀይሯል፤ በየበዓሉም ማዕድ ማጋራት አለ። ከ2013 ወዲህ በአዲስ አበባ የተከፈቱት የምገባ ማዕከላት በቀን አንድ ጊዜ ያበላሉ። ግን እስከ ማዕከሉ መሄድ የሚችል ሰው ነው የሚበላው። እማማ አራት ፎቅ ወርደው፣ ታክሲ ተጋፍተው፣ ሰልፍ ይዘው፣ በልተው፣ መልሰው አራት ፎቅ ይወጣሉ? ሊፍት በሌለው ኮንዶሚኒየም እንጀራው ሩቅ የሚሆነው ደረጃው ላይ ነው።

ለአንድ የማኅበራዊ ጉዳይ ኃላፊ ያቀረብኩት ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፤ ከመስከረም እስከ ሰኔ ማን ይመጣላቸዋል? ኃላፊው የክረምቱን ሪፖርት አውጥተው ገጽ በገጽ አነበቡልኝ። የታደሰ ቤት፣ የተጋራ ማዕድ፣ የተሳተፈ ወጣት፤ ሁሉም በቁጥር ተቀምጧል። ጥያቄዬን ደገምኩት። «በደብዳቤ አቅርበው» አሉኝ። ደብዳቤውን ይዤ ስመለስ ስብሰባ ላይ ነበሩ። ከዚያም ወዲያ ስብሰባ ላይ ናቸው።

መልሱን ፍለጋ የሄድኩት እዚያው ግቢያችን ኮሚናሉ ሥር ወዳለው የእድር ዕቃ ቤት ነው። ድንኳኑን፣ አግዳሚውንና ብረት ድስቱን የሚጠብቁት ሽማግሌ በቀድሞ ሰፈራቸው ጥሩምባ ነፊ ነበሩ። አሁን የሞት ማስታወቂያ በየብሎኩ በር ይለጠፋል፤ መልእክቱም በስልክ ይደርሳል። ጥሩምባዋ ግን ከድስቶቹ በላይ ሚስማር ላይ ተሰቅላለች።

«አየህ፣ ለሞተ ሰው አራት ሰፈር ቀስቅሻለሁ» አሉኝ። «ለታመመ ሰው የሚነፋ ጥሩምባ ግን አልተሰጠኝም።»

ስለ እማማ ስጠይቃቸው ሳቁ። «እሳቸው? አንድ ወር መዋጮ አሳልፈው አያውቁም። ደብተራቸውን ብታየው እንደ ሙሽራ ነው የሚያብረቀርቀው። ቢሞቱ ድንኳኑ በሰዓቱ ይተከላል፣ ሦስት ቀን ይበላል፣ ይጠጣል። ውኃ የሚያወጣላቸው ነው የጠፋው።»

እድር መቼ ተጀመረ በሚለው አጥኚዎች እስካሁን አልተስማሙም። የከተማ ልጅ ስለመሆኑ ግን ብዙዎቹ ይስማማሉ። ከየአገሩ አዲስ አበባ ገብቶ ዘመድ የራቀው ሰው «ማን ይቀብረኛል?» ላለው ጥያቄ ያገኘው መልስ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ብቅ አለ፤ በጣሊያን ወረራ ዘመንና ከዚያ በኋላ ተስፋፋ። መንግሥት ሲለወጥ አልፈረሰም። ደርግ ቀበሌን ሲያቋቁምም ከቀበሌው ጎን ዘለቀ። የአገር ልጅነት ያቋቋመው አለ፣ መሥሪያ ቤት ያቋቋመው አለ፣ የሴቶች ብቻ የሆነ አለ። በሰፈር እድር ውስጥ ክርስቲያንና ሙስሊም በአንድ ደብተር ተመዝግበው አንዱ የሌላውን ይሸኛሉ።

እንደ አሉላ ፓንክረስት ያሉ ተመራማሪዎች የጻፉትን ሳነብ ቀልቤን የሳበው ግን የኤች አይ ቪ ዘመን ታሪክ ነው። ሞት በዝቶ የእድሮች ካዝና ሲራቆት፣ አንዳንዶቹ መተዳደሪያ ደንባቸውን አሻሽለው የታመመን ወደ መጠየቅ፣ ወላጅ ያጣን ልጅ ወደ መርዳት ገቡ። ቀባሪ የነበረው እድር ለቋሚው መድረስ እንደሚችል ያኔ ታይቷል። ደንብ ነው የተለወጠው፤ ሰዉ ያው የድሮው ሰው ነው።

የመንግሥትም ደንብ ዕድሜውን የሚያሳብቅ ነው። የመንግሥት ሠራተኛ ጡረታ ከንጉሡ ዘመን ጀምሮ አለ። የግል ድርጅት ሠራተኛ ግን በአዋጅ ቁጥር 715 ጡረታ ያገኘው በ2003 ዓ.ም. ነው። እማማ ዕድሜያቸውን ሙሉ እንጀራ ጋግረው ሸጡ፤ ለእንጀራ ሻጭ የጡረታ መለያ ቁጥር የሰጠ የለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲደግፍ ያዛል። በ2009 በ11 ከተሞች የተጀመረው የከተማ ሴፍቲኔትም መሥራት ለማይችሉት ያለ ሥራ የሚሰጥ ቀጥተኛ ድጋፍ አለው። ስማቸው የገባ ሰዎች ገንዘቡ ጠቅሟቸዋል። ገንዘብ ግን ደረጃ አይወጣም።

ሌላው መንገድ ማዕከል ነው። ቢኒያም በለጠ በ2002 በቤተሰቡ ቤት የጀመረው መቄዶንያ ዛሬ በሺዎች የሚቆጠሩ አረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን የሚጦሩበት ሆኗል። በ2017 የቴሌቪዥን አቅራቢው ሰይፉ ፋንታሁን ለሕንፃው በቀጥታ ሥርጭት ልመና ሲይዝ፣ ከውስጥም ከውጭም በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ብር ጎረፈ። የሕዝቡ እጅ እንዳልታጠፈ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያሻም። ነገር ግን መቄዶንያ የሚገባው ጎዳና የወደቀ ሰው ነው። እማማ ቤት አላቸው፣ ቁልፍ አላቸው፣ በሩን ሲዘጉ ችግሩም አብሮ ይዘጋል።

እማማ ከቀድሞ ሰፈራቸው ተነሥተው ወደ ኮንዶሚኒየሙ ሲመጡ ያጡትም ቤት ብቻ አይደለም። በድሮው ግቢ ቡና ሲጠጣ የማይጠራ፣ ሲያስል የማይሰማ ሰው አልነበረም። ጎረቤት አንዱ የካ፣ አንዱ ቦሌ አራብሳ፣ አንዱ ኮዬ ፈጬ ተበተነ። ውጤቱን በአጭሩ ልንገራችሁ፦ መድኃኒት ይዘለላል፣ ደረጃ ላይ ይወደቃል፣ የወደቀውን ሰው ጎረቤት የሚያውቀው ሲመሽ ነው።

«በጎ ፈቃድ ደግ ነገር ነው» አሉኝ የዕቃ ቤቱ ሽማግሌ፣ «ግን ፈቃድ ነው። ሲፈቅድ ይመጣል። እድር ፈቃድህን አይጠይቅህም። ቀብር ላይ ስም ይጠራል፤ ከቀረህ ትቀጣለህ። እኛን ያቆመን ደግነታችን መሰለህ? ስም ጥሪው ነው።»

ብዙ ሰው አነጋግሬ የዚህን ያህል እውነት የነገረኝ የለም። ለአረጋውያን ያለን ሁሉ ሰበብ ይፈልጋል፤ ክረምት፣ በዓል፣ ሞት። እርጅና ደግሞ ሰበብ የለውም፤ በየቀኑ ነው። የጎደለው ርኅራኄ አይደለም፤ ተረኛ ነው።

ሽማግሌው ይህንኑ በወሩ ጠቅላላ ስብሰባ አነሡት። ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያን አባላት በየተራ ይጎብኙ፤ ተራውን ያሳለፈ ቀብር እንደቀረ ሰው ይቀጣ አሉ። ኮሚናሉ ተንጫጫ።

«ደግነት በመቀጫ ይሆናል እንዴ?» አለ አንዱ ጎልማሳ።

«አንተ ቀብር የምትመጣው በምንድን ነው?» አሉት።

ሳቁ ከበረደ በኋላ የእድሩ ዳኛ የመቀጫውን ነገር በይደር አቆዩት፤ የፈቀደ ግን ከዛሬ ጀምሮ ይመዝገብ ተባለ። ጸሐፊው የቀሪ መዝገቡን ገልብጠው ከጀርባው ሰባት ቀናት አሰመሩ። ተራዬ ደርሶ ማክሰኞን ስጠይቅ ማክሰኞ ተይዞ አገኘሁት፤ ሐሙስ ደረሰኝ።

ለእማማ ማን ይንገራቸው ሲባል የቀድሞው ጥሩምባ ነፊ እጃቸውን አወጡ።

«እኔ እሄዳለሁ» አሉ፤ «ጥሩምባዋን ግን እዚሁ እተዋታለሁ። ይዣት ከሄድኩማ ማን ሞተ ብለው ይደነግጣሉ።»