«ፍቱን» መድኃኒት ማለት ምን ማለት ነው? ስለ መድኃኒት ሕግ ቃላት፥ በጣርማ በር ኮሶ ምሳሌነት

ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና የሚወርደው መንገድ የሚያልፍበት ጣርማ በር ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። ከበሩ ወደ ደቡብ፥ ወደ አንኮበር አቅጣጫ በተዘረጋው ገደል ላይ የወፍ ዋሻ ደን ይገኛል፤ በዚያም ከጥዱና ከዝግባው ጋራ ኮሶ ይበቅላል። በዚህ ጽሑፍ ያሰብነው ስለ ዛፉ ለመተረክ ሳይሆን፥ ዛፉን ምሳሌ አድርገን የመድኃኒት ሥራና የመድኃኒት ሕግ የሚገለገሉባቸውን ጥቂት ቃላት ለመመርመር ነው። ቃላቱ አማርኛ ስለ ሆኑ ሁላችንም የምናውቃቸው ይመስለናል፤ ችግሩም የሚነሣው ከዚሁ ነው።

በመጀመሪያ «ኮሶ» የሚለውን ቃል ራሱን እንመልከት። ዛፉ ኮሶ ይባላል፤ አበባው ተፈጭቶ የሚጠጣው መድኃኒት ኮሶ ይባላል፤ ከጥሬ ሥጋ የሚመጣው የአንጀት ትልም ኮሶ ይባላል። «ኮሶ አለብኝ» ያለ ሰው ስለ ትሉ፥ «ኮሶ ጠጣሁ» ያለ ደግሞ ስለ አበባው እንደ ተናገረ ሰሚው አይስተውም። ለቤት አነጋገር ይህ ይበቃል። ለመድኃኒት ቀማሚ ግን አይበቃም።

ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በአንኮበር ሳሉ ወደ ሸዋ የመጣው ፈረንሳዊው ሮሼ ዴሪኩር በ1840ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ኮሶን ወደ አውሮፓ ይዞ ሄዶ ነበር። በዚያው መቶ ዓመት ኮሶ በብሪታንያና በአሜሪካ ፋርማኮፒያ ተመዘገበ። ፋርማኮፒያ ማለት መድኃኒቱ ምን እንደ ሆነ፥ በምን እንደሚታወቅና ስንት እንደሚሰጥ የሚወስን መጽሐፍ ነው። የብሪታንያው መጽሐፍ መጠኑን ከሩብ እስከ ግማሽ አውንስ፥ ማለት ከ7 እስከ 14 ግራም ያህል አድርጎ ወሰነው። በእኛ ሀገር የተለመደው መለኪያ እፍኝ ነበር። ወደዚህ ነገር በመጨረሻ እንመለሳለን።

በሀገራችን ስለ ፋርማሲ ሥራ በ1964 እ.ኤ.አ. ደንብ ቁጥር 288 ወጣ። ከዚያ በኋላ አዋጆች እየተተካኩ በ2011 ዓ.ም. የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ታወጀ። የመድኃኒት ምዝገባ የሚቆመው በሦስት ቃላት ላይ ነው፤ እነርሱም ደኅንነት፥ ፈዋሽነትና ጥራት ናቸው።

«ደኅንነት» እና «መድኃኒት» ከአንድ ሥር፥ ከግዕዙ «ድኅነ» የወጡ ቃላት ናቸው። ስለዚህ አማርኛ ተናጋሪ «መድኃኒት» የሚለውን ሲሰማ «የሚያድን» ብሎ ይሰማዋል፤ የሚያድን ነገር ደግሞ ይጎዳል ብሎ መጠርጠር ይከብደዋል። (እርግጥ ያው አማርኛ «የአይጥ መድኃኒት» ይላል፤ አይጧ ግን አትድንም።) በሕጉ ቋንቋ ደኅንነት ማለት ጉዳት የለበትም ማለት አይደለም። በተወሰነው መጠን ሲወሰድ ጥቅሙ ከሚያስከትለው ጉዳት ያመዝናል፥ ጉዳቱም አስቀድሞ ታውቋል ማለት ነው። ኮሶ ለዚህ ጥሩ፥ ነገር ግን የሚያሳዝን ምስክር ነው። በ1969 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት በኮሶ የተመረዙ ሰዎች በዐይናቸው ላይ ስለሚደርስባቸው ጉዳት ጽሑፍ አውጥቷል። አንድ ሰው ከመጠን በላይ ጠጥቶ ትሉ ቢወጣለትና ዐይኑ ቢፈዝ፥ «መድኃኒቱ ሠርቷል» የሚለውም «መድኃኒቱ ጎድቶታል» የሚለውም እውነት ነው። ሁለቱን በአንድ ቃል የሚጠራ ሰው አንደኛውን መደበቁ አይቀርም።

ያ አንድ ቃል «ፍቱን» ነው። «ፍቱን» ከ«ፈተነ» የወጣ ሲሆን ትርጉሙ «የተፈተነ» ማለት ነው፤ የጥንት ሊቃውንት በመጽሐፈ መድኃኒት ከቅመማው በኋላ «ፍቱን ነው» ብለው ሲጽፉ ምስክርነት መስጠታቸው ነበር። እኛ ግን ፈተናውን ረስተን ቃሉን ለምስጋና ብቻ አስቀረነው። ፈዋሽነት የሚባለው የሕጉ ቃል የሚጠይቀው ያንኑ የተረሳውን ነው፤ ማን ፈተነው? በስንት ሰው ላይ? ከምን ጋራ አነጻጽሮ? በኮሶ ረገድ ጥያቄው ቀላል አይደለም። ጠጪው የትሉን ቁራጮች ሲያይ ዳንኩ ይላል፤ የትሉ ራስ በአንጀት ተጣብቆ ከቀረ ግን ከጥቂት ወራት በኋላ ቁራጮቹ እንደገና ይታያሉ። በድሮው ልማድ ኮሶ በየሁለት ወሩ ያህል መጠጣቱ፥ በከፊል ጥሬ ሥጋው ባለመቅረቱ፥ በከፊል ደግሞ ትሉ ሙሉ በሙሉ ባለመውጣቱ ሳይሆን አይቀርም። ማስወጣት አንድ ነገር ነው፤ መፈወስ ሌላ ነገር ነው። ዛሬ ለዚህ ሕመም ሐኪም የሚያዝዘው ፕራዚኳንቴል ወይም ኒክሎሳማይድ ነው።

ሦስተኛው ቃል ጥራት ነው። አንድ ጓደኛችንን ጥራት ያለው መድኃኒት የትኛው እንደ ሆነ ብንጠይቀው «ማሸጊያው ያማረ» ብሎ መለሰልን። ቃሉ ከ«ጠራ» ስለ መጣ የጠራ ውሃን ያሳስባል፤ ነገር ግን ጠርቶ የሚታይ መርፌ ምንም ፈዋሽ ንጥረ ነገር የሌለበት ሊሆን ይችላል። በፋብሪካ ቋንቋ ጥራት ማለት በተለይ አንድ ዓይነትነት ነው፤ የዛሬው ክኒን እንደ ትናንቱ፥ የመጨረሻው እንደ መጀመሪያው መሆኑ። በየማሸጊያው የሚታተመው የባች ቁጥር የሚያገለግለው ለዚህ ነው። ባች ማለት ከአንድ ቡሖ የወጣ እንጀራ እንደ ማለት ነው፤ ቡሖው ከተበላሸ የትኞቹ እንጀራዎች እንደሚሰበሰቡ በቁጥሩ ይታወቃል። ኮሶ ግን ባች የለውም። ሴቴው ዛፍና ወንዴው ዛፍ የተለያዩ ናቸው፤ ለመድኃኒትነት የሚመረጠው ቀላ ያለው የሴቴው አበባ ነው። አበባው ሲቆይም ኃይሉ ይቀንሳል። ሁለት ሰዎች ከአንድ ገበያ ገዝተው አንዱ ትኩሱን፥ ሌላው የከረመውን ሊጠጡ ይችላሉ፤ ስሙ ግን ለሁለቱም ኮሶ ነው።

እንግዲህ ወደ እፍኙ እንመለስ። ባለፈው ዓመት የከረመ አበባ በእፍኝ ለክቶ ጠጥቶ ትሉ ያልወጣለት ሰው፥ ዘንድሮ ሁለት እፍኝ ቢጨምር ማንም አይፈርድበትም። የዘንድሮው አበባ ግን ትናንት ከወፍ ዋሻ የወረደ ሊሆን ይችላል። እፍኙም የማን እፍኝ ነው? የገበሬው ነው ወይስ የልጁ?