ማዕድ የማትደፍረው ዝንብ

«ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ይባላል። ጥቁር ወታደር ዝንብ ግን በተከፈተውም ለመግባት አትቸኩልም። ካደገች በኋላ የሚያኖራት በእጭነቷ ያጠራቀመችው ስብ ነው፤ ስለዚህ እንጀራ ላይ አታርፍም። አትናከስም፣ አትናደፍም። መልኳ ተርብ ይመስላል፤ ሆዷ ላይ ብርሃን የሚያሳልፉ ሁለት ነጣ ያሉ መስኮቶች አሏት። የትውልድ አገሯ የአሜሪካ አህጉር ሲሆን ዛሬ በአብዛኛው ሞቃት ዓለም ትገኛለች።

የመብላቱን ሥራ የያዙት ልጆቿ ናቸው። እናቲቱ ብስባሽ አጠገብ ባለ ደረቅ ስንጥቅ ውስጥ ከ400 እስከ 800 እንቁላል ትጥላለች። በ4 ቀን ገደማ የሚፈለፈሉት እጮች፣ ሙቀቱ ከ24 እስከ 30 ዲግሪ ከሆነላቸው፣ ሁለት ሳምንት ያህል ሲበሉ ይከርማሉ። የወጥ ቤት ትራፊ ይሁን ፍግ ወይም የሰው ዓይነ ምድር አይመርጡም። ናይሮቢ ውስጥ ሳነርጂ የተባለ ድርጅት ፍሳሽ መስመር በሌላቸው መንደሮች ካሉ ሽንት ቤቶች የሚሰበስበውን ዓይነ ምድር ለእነዚሁ እጮች ሲቀልብ ቆይቷል።

ይህን በቤት ለመሞከር የሚያስብ ሰው በቅድሚያ ሽንትን መለየት አለበት። ሽንት የተቀላቀለበት ዓይነ ምድር ይረጥባል፣ ይከረፋል፣ እጮቹንም ያፍናል። ስለዚህ መቀመጫው ሽንቱን በፊት በኩል በቱቦ ወደ ጀሪካን የሚያወርድ ይሁን። ዓይነ ምድሩ አየር የሚያስገባ ክዳን ወዳለው በርሜል ይገባል፤ ከረጠበ ሰጋቱራ ይነሰነስበታል። ክዳኑን ገልጦ ጆሮውን ላስጠጋ፣ ክምሩ ቆርቆሮ ላይ እንደሚያካፋ ዝናብ ይንሿሿል፤ እጁን ላስጠጋም ሙቀቱ ይሰማዋል።

የጠገበ እጭ ይጠቁራል፤ ደረቅና ጨለማ ቦታ ፍለጋም ሽቅብ ይወጣል። በርሜሉ ውስጥ 35 ዲግሪ ያህል የዘመመ ጣውላ ካለ፣ በራሱ እየዳኸ ወጥቶ ጫፉ ላይ በተቀመጠው ባልዲ ውስጥ ይወድቃል። አንድ በአንድ መልቀም የለም።

ክምሩ ቀነሰ ማለት ግን ጸዳ ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ አንድ ጥናት እንዳሳየው፣ እጮቹ በገቡበት ዓይነ ምድር ውስጥ የሳልሞኔላ ባክቴሪያ በ8 ቀን እጅግ ቀነሰ፤ የወስፋት እንቁላል ግን ንክች አላለም። በርሜሉ ውስጥ የቀረው ብስባሽ ስለዚህ ቀጥታ ወደ ጎመን መደብ አይሄድም። የዓለም ጤና ድርጅት የ2006 መመሪያ ሁለት መንገድ ያመለክታል፦ ከ50 ዲግሪ በላይ ቢያንስ ለአንድ ሳምንት እንዲግል ማድረግ፣ ወይም ከ20 ዲግሪ በላይ በሆነ አካባቢ ከአንድ ዓመት በላይ ማቆየት። የደጋ ሰው ከዚያም በላይ ይጠብቃል።

ባልዲው ውስጥ የወደቁት እጮችም ፕሮቲንና ስብ የሞላባቸው ቢሆኑም የመጡበትን ቆሻሻ በገላቸው ይዘዋል፤ እንዳሉ ለዶሮ አይበተኑም። ዝንቧ የሸክሙን ትልቁን ክፍል ታቃልላለች፤ የቀረው የሙቀትና የጊዜ ድርሻ ነው።