ከጉቶ የበቀለ ደን፦ የሁምቦና የኒጀር ልምድ

ስለ አየር ንብረት ለውጥ ሲወራ ዘወትር የምንሰማው የመሪዎች ጉባኤና የቢሊዮን ዶላር ቃል ነው። ቀበሌው፣ ዕድሩ፣ ጎጡ ምን ያድርግ ሲባል ደግሞ መልሱ አንድ ነው፦ ችግኝ መትከል። ይህ መልካም ሥራ ነው። ሆኖም በወላይታ የሁምቦን ተራራ ያለበሰው ሐሳብ ከችግኝ ጣቢያ አልተነሣም።

መነሻው ኒጀር ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ማራዲ በተባለው አካባቢ ይሠሩ የነበሩት አውስትራሊያዊው የግብርና ባለሙያ ቶኒ ሪናውዶ ችግኝ ሲያስተክሉ ቆይተው አብዛኛው ደረቀባቸው። አንድ ቀን ሜዳው ላይ ተራ ቁጥቋጦ የሚመስለውን ጠጋ ብለው ሲያዩት ከተቆረጠ ዛፍ ጉቶ የወጣ ቀንበጥ ሆኖ አገኙት። ዛፉ ከላይ ቢቆረጥም ሥሩ አልሞተም ነበር። በየዓመቱ ያቆጠቁጣል፤ በየዓመቱም ለእርሻ ይመነጠራል ወይም ከብት ይበላዋል።

አሠራሩ ማንም ገበሬ የሚችለው ነው። ከአንዱ ጉቶ ከወጡት ቀንበጦች ቀጥ ያሉትንና ጠንከር ያሉትን ጥቂቶች መርጦ ያስቀራል፤ ሌላውን ይቆርጣል። በተመረጡት ላይ ያሉትን የታችኛዎቹን የጎን ቅርንጫፎች ይመለምላል፤ ላይኛውን ቅጠል ግን አይነካም። በየጊዜው እየተመለሰ አዲስ የወጣውን ያጸዳል። የተቆረጠው ማገዶ ይሆናል። ችግኝ ሥሩ ገና ለጋ ስለሆነ የመጀመሪያው በጋ ሊጥለው ይችላል፤ ጉቶ ግን ሥሩን ቀድሞ ወደ ታች ስለሰደደ እርጥበት አያጣም። መሣሪያውም ስለታም ገጀራ ነው፤ ለችግኝ ማፍያና ማጓጓዣ የሚወጣ ብር የለም።

ታዲያ ይህን ያህል ቀላል ከሆነ ወዲያው ሁሉም ለምን አልያዘውም? መጀመሪያ ላይ ብዙ ሰው ሳቀበት፤ እርሻ ውስጥ ዛፍ የሚተው ገበሬ እንደ ሰነፍ ይታይ ነበርና። በ1984ቱ (እ.ኤ.አ.) ድርቅ ብዙዎች በምግብ ለሥራ ምክንያት ሞከሩት፤ እርዳታው ሲያበቃ መልሰው የቆረጡም ነበሩ። ያቆዩት ግን ማገዶና የከብት መኖ አገኙ፤ ጎረቤት ይህን አየ። ሌላም ነገር ነበር፦ ዛፉ የመንግሥት ነው እየተባለ የቆረጠ ይቀጣ ነበር። የደን ጠባቂዎች ቅጣቱን ሲያላሉና ገበሬው ዛፉን እንደ ራሱ መቁጠር ሲጀምር ሐሳቡ ከእርሻ ወደ እርሻ ተሻገረ። በሃያ ዓመት ውስጥ 5 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ እንደ ሸፈነ ተመዝግቧል። በእኔ እምነት ከገጀራው ይልቅ ባለቤትነቱ ነው ሥራውን የሠራው።

ሁምቦ ላይ ይኸው ሥራ በ2006 (እ.ኤ.አ.) በእርዳታ ድርጅቱ ዎርልድ ቪዥን ድጋፍ ሲጀመር ቦታው 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተዳፋት ነበር። መሬታችን ሊወሰድብን ነው የሚል ስጋት ነበር፤ ስጋቱም መሠረተ ቢስ አልነበረም። ሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራት ተቋቁመው በደኑ የመጠቀም መብት ሲረጋገጥላቸው ነገሩ ተለወጠ። ተራራው ከልቅ ግጦሽ ተከለለ፤ ሣሩ እየታጨደ ለከብት ተወሰደ። ከቦታው አብዛኛው ያገገመው ከነባር ጉቶዎች ነው፤ ችግኝ የተተከለው ጉቶ በሌለበት ነው። በ2009 (እ.ኤ.አ.) ፕሮጀክቱ በኪዮቶ የአየር ንብረት ስምምነት ሥር ተመዘገበ፤ የዓለም ባንክም ዛፎቹ ከአየር የሚስቡትን ካርቦን ገዛ። ገንዘቡ ለማኅበራቱ ደረሰ፤ ከእሱም የእህል ወፍጮና መጋዘን ተሠራ።

ካርቦን የሩቅ ገበያ ነው፤ ተራራው ሥር ለሚኖር ሰው የሚበልጠው ጎርፉ መብረዱና አፈሩ መያዙ ነው። ኢትዮጵያ ለዓለም ሙቀት መጨመር ያላት ድርሻ እጅግ ትንሽ ስለሆነ የእኛ ሥራ ይበልጥ ጉዳቱን መቋቋም ላይ ነው።

ከጉቶ ደን የማልማት ሐሳብ ግን በአዳራሽ ሥልጠና ብዙ አይሻገርም። አበል ተቀብሎ የተመለሰ ሰው ደብተሩን ይዘጋል። አንድ ገበሬ የሌላውን መሬት በእግሩ ዞሮ ሲያይና ማገዶው ስንት ሸክም እንደ ወጣው ሲጠይቅ ግን ነገሩ ይገባዋል። ስለዚህ ዕድራችሁ ወይም ቀበሌያችሁ ይህን ሊሞክር ቢነሣ ትንሽ ቦታ ከልሎ ይጀምር፤ የጎረቤት ቀበሌ ሰዎችንም ጋብዞ ያሳይ። ከዚያ በፊት ግን በመከለሉ የሚጎዳው ማን እንደሆነ ይጠየቅ፦ ፍየሎቹን እዚያ የሚያሰማራው ልጅ፣ ጭራሮ ለቅማ ሸጣ የምታድር እናት። ለእነሱ መፍትሔ ያላሰበ ስብሰባ አጥሩን በሌሊት ተነቅሎ ያገኘዋል።

ለመጪው ክረምት የችግኝ ዕቅድ ከመውጣቱ በፊት ደግሞ አገሩን የሚያውቁ ሁለት ሦስት አዛውንት ይዛችሁ ተዳፋቱን ውጡና ጉቶ ፈልጉ። የትኛው ዛፍ የት እንደነበረ እነሱ ያስታውሳሉ።