የሞተሩ ባለቤት ማን ነው?

ይድረስ ለክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ፤

ክቡር ሆይ፤ ከዚህ በታች የምጽፈው አሳብ ለአንባቢያን ጥቂት ይጠቅማል ብዬ ስላመንሁ፤ በዓምድዎ ላይ ቦታ እንዲሰጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ። የምጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

ኖቬምበር 21 ቀን 2025 በዱባይ የአየር ትርዒት ላይ፤ ሕንዶች የሠሩት «ቴጃስ» የተባለ ተዋጊ የጄት አይሮፕላን በሕዝብ ፊት ወድቆ አብራሪው ሕይወቱን አጣ። ወሬው ከተሰማ ወዲህ በየመሥሪያ ቤቱ በሻይ ሰዓት ሁለት ዐይነት ንግግር እሰማለሁ። አንደኛው ወገን «ሥራው የተጀመረው በ1983 ነው፤ አርባ ሁለት ዓመት ሙሉ ደክሞ ከመውደቅ፤ በገንዘቡ ያለቀለትን መግዛት አይሻልም ነበርን?» እያለ ይሥቃል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ «ሕንዶች ማንም ሳይረዳቸው ብቻቸውን ሠርተውታል፤ ሌላውም ድኻ አገር ቈርጦ ከተነሣ ነገ ይሠራል» ይላል።

እኔ መሐንዲስ አይደለሁም፤ በበጀት ክፍል ፋይል ሳገላብጥ ብዙ ዓመት ያሳለፍሁ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። ነገር ግን የዚህን አይሮፕላን ታሪክ ተከታትዬ እንዳነበብሁት ሁለቱም ወገኖች ከእውነቱ የራቁ ይመስለኛል። የመጀመሪያው የዓመቱን ቍጥር እንጂ በዓመቶቹ ውስጥ የተሠራውን አልተመለከተም። ሁለተኛው የአይሮፕላኑን ክንፍ እንጂ ሞተሩን አላየም።

በመጀመሪያ ስለ ዓመቱ ልናገር። ሕንድ ተዋጊ ጄት ለመሥራት ስትነሣ ቴጃስ የመጀመሪያዋ አይደለም። በ1950ዎቹ ዓመታት ኩርት ታንክ የተባለውን ስመ ጥር ጀርመናዊ መሐንዲስ ወደ ባንጋሎር ጠርታ፤ ከራሷ ሰዎች ጋር «ማሩት» የተባለውን አይሮፕላን እንዲነድፍ አደረገች። ማሩት ጁን 17 ቀን 1961 ለመጀመሪያ ጊዜ በረረ። የታሰበው ከድምፅ ሁለት እጥፍ እንዲፈጥን ነበር፤ ዳሩ ግን ለዚህ የሚበቃ ሞተር አልተገኘም። እንግሊዞች ሊሠሩት የጀመሩት ብርቱ ሞተር ፈላጊ ስላጣ ተተወ፤ የሕንድ መንግሥትም ወጪውን ችሎ እንዲቀጥል አልወደደም። ስለዚህ ማሩት «ኦርፊየስ» በተባሉ ሁለት አነስተኛ የእንግሊዝ ሞተሮች ሲበር ኖረ። ዋናው የሙከራ አብራሪ ሱራንጃን ዳስ በ1970 በማሩት የሙከራ በረራ ላይ ሞተ። 147 ያህል ማሩቶች ተሠርተው በ1971 ከፓኪስታን ጋር በተደረገው ጦርነት ካገለገሉ በኋላ፤ ከዚያው ዘር ተተኪ ሳይወጣላቸው በየተራ ከሥራ ወጡ።

እንግዲህ ትልቁ ጥፋት የደረሰው እዚህ ላይ ነው። ፋብሪካው አልተዘጋም፤ እንዲያውም እንደ ሚግ-21 ያሉትን የውጭ አገር አይሮፕላኖች በፈቃድ ይሠራ ነበር። ነገር ግን በሌላው ንድፍ መሥራትና ራስን ችሎ መንደፍ አንድ አይደሉም። ይህን እኛ የቢሮ ሰዎች በቀላሉ እንረዳዋለን። ደብዳቤ በጥሩ እጅ የሚገለብጥ ጸሐፊ፤ ደብዳቤውን ለማርቀቅ ያስፈለገው ክርክር ምን እንደ ነበር ላያውቅ ይችላል። ገልባጩ ሠላሳ ዓመት ቢገለብጥ አርቃቂ አይሆንም። በ1983 አዲሱ ተዋጊ ሲፈቀድ፤ በማሩት ላይ የሠለጠኑት ነዳፊዎች አብዛኞቹ አርጅተው ወይም ተበትነው ነበር። ስለዚህ ከአርባ ሁለቱ ዓመት ብዙው፤ አንድ ጊዜ የተማሩትን ትምህርት እንደ ገና ለመማር የተከፈለ ዋጋ ነው።

ሁለተኛው ነገር ሙከራ ነው። የመጀመሪያው ቴጃስ ከፋብሪካ ወጥቶ ለሕዝብ የታየው በኖቬምበር 1995 ሲሆን፤ የበረረው ግን ጃንዋሪ 4 ቀን 2001 ነው። ከአምስት ዓመት በላይ ማለፉ ነው! የማያውቅ ሰው ይህን ስንፍና ይለዋል። ምክንያቱ ግን እንዲህ ነው። ቴጃስ ክንፉ ሦስት ማዕዘን ሆኖ በጭራው ላይ አግዳሚ ክንፍ የለውም፤ በፍጥነት እንዲታጠፍ ሲባልም ሆነ ተብሎ ሚዛኑ ያልረጋ ሆኖ ተነድፏል። ሰው ብቻውን ሊያበረው አይችልም። ኮምፒዩተር በያንዳንዱ ሴኮንድ ብዙ ጊዜ ሚዛኑን እያረመ ካልያዘው በአየር ላይ ይገለበጣል። እንግዲህ በኮምፒዩተሩ ላይ አንዲት ስሕተት ብትገኝ አብራሪው ሞተ ማለት ነው። ስለዚህ መሐንዲሶቹ መሪውን፤ የዘይት ግፊቱንና ኮምፒዩተሩን በመሬት ላይ እንደ አይሮፕላን አገጣጥመው፤ ሳይበር እንደሚበር አድርገው ለብዙ ሺህ ሰዓት ይፈትኑታል። መሐንዲሶች ይህን መሣሪያ «የብረት ወፍ» ይሉታል። ሌላው አካል ደግሞ ለብቻው በብረት ክንድ እየተጫነና እየተጠመዘዘ ምን ያህል እንደሚችል ይለካል። ቀጥሎ በመንደርደሪያው ላይ በዝግታ፤ ኋላም በፍጥነት እየሮጠ ይቆማል። ይህ ሁሉ ሲያልቅ ብቻ ነው አብራሪው እንዲነሣ የሚፈቀድለት።

በዚሁ መካከል አንድ ከባድ ነገር ደረሰ። ሕንድ በሜይ 1998 የኑክሌር ቦምብ በመሞከሯ አሜሪካ ማዕቀብ ጣለችባት። በአሜሪካ አገር ከሎክሂድ ማርቲን ኩባንያ ጋር የበረራ መቆጣጠሪያውን ያዘጋጁ የነበሩት የሕንድ መሐንዲሶች ሥራቸውን አቋርጠው ወደ አገራቸው ለመመለስ ተገደዱ፤ መሣሪያቸውም እዚያው ተያዘ። እነርሱ ግን በባንጋሎር እንደ ገና ተቀምጠው የቀረውን በገዛ እጃቸው ፈጸሙት። እኔ በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ የማደንቀው ይህን ነው። ማዕቀቡ መሣሪያውን ሊይዝ ቻለ፤ በጭንቅላታቸው ያለውን ግን ሊይዝ አልቻለም።

የመጀመሪያው በረራ ዊንግ ኮማንደር ራጂቭ ኮቲያል የፈጸመው ሲሆን 18 ደቂቃ ብቻ ነበር። ከዚያም ጥቂት በጥቂት ፍጥነቱንና ከፍታውን እየጨመሩ ሄደው፤ ኦገስት 1 ቀን 2003 ከድምፅ ፍጥነት አለፈ። በሂማላያ ብርድና በበረሓ ሐሩር ተፈተነ። ሁለት አይሮፕላን ብቻ ይዞ የመጀመሪያው የአየር ኃይል ስኳድሮን የተቋቋመው በጁላይ 2016 ነው፤ ለውጊያ ሙሉ ፈቃድ ያገኘውም በ2019 ነው። ትዕግሥቱ ያፈራውን ፍሬ ማየት የሚወድ ሰው ይህን ይመልከት፤ ከ2001 ጀምሮ እስከ ማርች 12 ቀን 2024 ድረስ፤ ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ፤ አንድም ቴጃስ አልወደቀም። በዚያን ቀን የወደቀውም አብራሪው ከነመቀመጫው ተፈናጥሮ በጃንጥላ በደኅና ወረደ። የዱባዩ ሐዘን ከባድ ቢሆንም ይህን መዝገብ አይፍቀውም።

ይሁን እንጂ ሥራው እንከን የለበትም ማለቴ አይደለም። በ2015 የሕንድ ዋና ኦዲተር ለፓርላማ ባቀረበው ሪፖርት፤ አይሮፕላኑ አየር ኃይሉ ከጠየቀው 53 ጉልህ ጉድለት እንዳለበት ገልጾ ጽፏል። ይህም ነቀፋ ተደብቆ አልቀረም። በ2021 የታዘዙት 83 የተሻሻሉ ቴጃሶች ከጉድለቶቹ ብዙዎቹን እንዲያርሙ የታሰቡ ናቸው። ኦዲተሩን የሚሰማ ሥራ፤ ቢዘገይም ይቃናል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ወገን፤ «ብቻቸውን ሠሩት» ወደሚለው ልመለስ። የቴጃስ ሞተር የአሜሪካው የጄኔራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ ሥራ ነው። የራሷን ሞተር ለመሥራት ሕንድ በ1989 «ካቬሪ» የተባለውን ፕሮግራም ጀምራ ነበር። ይሁንና ሞተሩ ክብደቱ በዝቶ ግፊቱ ስላነሰ፤ በ2008 ከቴጃስ ሥራ ተለየ። የጄት ሞተር ከአይሮፕላኑ አካል ይልቅ የሚከብድበት ምክንያት ግልጽ ነው። በውስጡ የሚነደው ጋዝ የተርባይኑ ምላጮች የተሠሩበትን ብረት ሊያቀልጥ የሚችል ነው። ምላጮቹ ሳይቀልጡ በደቂቃ በብዙ ሺህ ጊዜ እንዲዞሩ፤ ብረቱን እንደ አንድ ፍሬ ጨው ያለ ስፌት ማብቀልና ቀዝቃዛ አየር በውስጡ ማሳለፍ ያስፈልጋል። ይህን ጥበብ በሙሉ የያዙት አገሮች በጣት የሚቈጠሩ ናቸው፤ ለሌላውም ሞተሩን ይሸጣሉ እንጂ ጥበቡን አያስተምሩም።

ውጤቱ ምን ሆነ? ለ83ቱ አይሮፕላኖች በ2021 የታዘዙት 99 ሞተሮች ዘገዩ፤ የመጀመሪያው የደረሰው በማርች 2025 ነው። በዚያን ጊዜ በባንጋሎር አካላቸው ያለቀ አይሮፕላኖች ሞተር ሲጠብቁ ተቀምጠው ነበር። የአርባ ዓመት ድካም በሌላ አገር የመጋዘን ቍልፍ ላይ ሲንጠለጠል ማየት ያሳዝናል። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» የሚለው የአባቶቻችን ተረት እንዲህ ላለው ነገር የተነገረ ይመስላል። ጠቅላይ ሚኒስትር ሞዲ በኦገስት 2025 በነጻነት በዓላቸው ቀን፤ ለተዋጊ ጄቶቻቸው የአገር ውስጥ ሞተር እንዲሠራ ጥሪ ያደረጉት ስለዚህ ነው።

ጎረቤታችን ግብፅም ይህንኑ መንገድ ሞክራው ነበር። በ1960ዎቹ ጀርመናዊው ቪሊ ሜሰርሽሚት የነደፈውን ኤች ኤ-300 የተባለ ተዋጊ በሔልዋን ስታሠራ፤ ሞተሩንም እዚያው ለመሥራት ጀምራ ሕንድ ተባብራት ነበር። ማርች 7 ቀን 1964 አይሮፕላኑን መጀመሪያ ያበረረው ካፒል ባርጋቫ የተባለ የሕንድ አብራሪ ነው። ነገር ግን በ1969 ግብፅ ሥራውን አቋረጠችው፤ ባለሙያዎቹም ተበተኑ። ሞተሩን ለማግኘት ጥቂት የቀራቸው ሁለት አገሮች፤ ሁለቱም ባዶ እጃቸውን ቀሩ።

ይህ ነገር እኛን ምን ይመለከተናል የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ይመለከተናል። በ1977 ከሶማሊያ ጋር በተደረገው ጦርነት አብራሪዎቻችን በኤፍ-5 አይሮፕላን ሰማዩን ሲጠብቁ፤ አሜሪካ በዚያው ዓመት ወታደራዊ ርዳታዋን ስላቋረጠች ካዘዝናቸው ውስጥ ያልደረሱን ነበሩ። የገዛ ሰው ሻጩ ሲቈጣ ምን እንደሚደርስበት ከሌላ አገር መጽሐፍ መማር አያስፈልገንም። ደግሞም በ1935 በአዲስ አበባ፤ ሉድቪግ ቬበር የተባለ ጀርመናዊ ከአገራችን ሰዎች ጋር ሆኖ «ፀሐይ» የተባለችውን ትንሽ አይሮፕላን ሠርቶ ነበር። ተዋጊ አልነበረችም፤ ሞተሯም ከውጭ የመጣ ነበር። ኢጣሊያኖች ማርከው ወስደዋት፤ በጃንዋሪ 2024 ተመለሰች። እኔም በመመለሷ ደስ ብሎኛል። ነገር ግን የተመለሰው እንጨቱና ሸራው ነው፤ በወረራው የተበተነው የሥራ ቤትና በዚያ የለመዱት እጆች አልተመለሱም።

ስለዚህ አሳቤን ላጠቃልል። የራስን አይሮፕላን ይቅርና የራስን የውሃ ፓምፕ ለመሥራት የሚያስብ መንግሥት ቢሆን፤ አስቀድሞ ሊጠይቃቸው የሚገባ ሦስት ጥያቄዎች አሉ። ሞተሩ የማን ነው? ሠራተኞቹ ለሃያ ዓመት በአንድ ስፍራ ይቈያሉን? የሙከራው ገንዘብ የበጀት ዓመት ሲዘጋ ይቀጥላልን? እነዚህ ጥያቄዎች ለሚኒስትሮች ብቻ የቀረቡ አይምሰሉን። እኔ አንድ ጊዜ በሠራሁበት መሥሪያ ቤት ፓምፕ እየፈቱ የሚያጠኑ ስድስት ሜካኒኮች ነበሩ። «ውጤት አላሳዩም» ተብሎ የሙከራ ሒሳባቸው ተሰርዞ፤ ሰዎቹ ወደየክፍሉ ተዛወሩ። ከአራት ዓመት በኋላ ያንኑ ሥራ ለማስጀመር ኮሚቴ ሲቋቋም፤ ከስድስቱ አንድም በቦታው አልነበረም።

ለምረቃ የሚሆን ገንዘብ ሁልጊዜ ይገኛል፤ ለፍተሻ የሚሆነው ግን መጀመሪያ ይቀነሳል፤ ሪባን የሚቈረጥበት ነገር ስለሌለው ነው። እንግዲህ በየጠረጴዛችን «ለሙከራ» የሚል ርእስ ያለበት የወጪ መጠየቂያ ሲቀርብልን፤ በቀይ እርሳስ ከመሰረዛችን በፊት ባለሙያዎቹን ጠርተን ምን እንደ ደረሱበት እንጠይቃቸው። መልሳቸው ገና አላለቀም ቢሆን እንኳ፤ ምን እንደቀራቸው በጽሑፍ ይስጡን፤ እኛም ከመዝገቡ ጋር አያይዘን ለሚመጣው ዓመት እናሳልፈው።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፤
አንድ የበጀት ክፍል ሠራተኛ
ከአዲስ አበባ