የክፍሉ ዕቃና የመምህሩ ድምፅ

የመምህር ድምፅ ለተማሪው ጆሮ የሚደርሰው አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም። መጀመሪያ በቀጥታ ይመጣል፤ ቀጥሎ ከግድግዳው፣ ከጣሪያውና ከወለሉ እየነጠረ ይደጋገማል። ወለሉ ሲሚንቶ፣ ግድግዳው ልስን፣ መስኮቱ መስታወት ከሆነ ድምፁ ቶሎ አይጠፋም። ያለፈው ቃል ሳያልቅ አዲሱ ይደርስበትና ይደበላለቃሉ። ጉዳቱ የሚብሰው መስማት በሚቸግራቸውና በሁለተኛ ቋንቋ በሚማሩ ልጆች ላይ ነው።

በክፍል ውስጥ የሚቀመጥ ዕቃ ይህን እንደሚለውጥ በልኬት ያሳየው አሜሪካዊው የፊዚክስ ምሁር ዋላስ ሳቢን ነው። እ.ኤ.አ. በ1895 ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ንግግር በቅጡ የማይሰማበትን የፎግ ሙዚየም አዳራሽ እንዲያስተካክል ጠየቀው። በባዶው አዳራሽ አንድ ድምፅ እስኪጠፋ 5 ሰከንድ ተኩል ያህል ይፈጅ ነበር። ሳቢን በጸጥታው ሌሊት ከሳንደርስ ቲያትር የወንበር ትራስ እያስመጣ ይደረድራል፤ የኦርጋን ቧንቧ ያስጮህና ድምፁ የሚጠፋበትን ጊዜ ይለካል። ትራሱ በበዛ ቁጥር ጊዜው አጠረ።

ከዚያ የተገኘው ቀመር ዛሬም ይሠራበታል፦ ድምፁ የሚጠፋበትን ጊዜ በሰከንድ ለማግኘት የክፍሉን ይዘት በሜትር ኩብ በ0.161 አባዝቶ፣ ድምፅ ለሚውጠው ስፋት ማካፈል ነው። 8 ሜትር በ7 ሜትር ሆኖ ቁመቱ 3 ሜትር የሆነ ክፍል ይዘቱ 168 ሜትር ኩብ ነው። የአሜሪካ መስፈርት ለእንዲህ ያለ ክፍል ይህ ጊዜ ከ0.6 ሰከንድ እንዳይበልጥ ይላል። ለዚህም 45 ካሬ ሜትር ያህል ድምፅን ፈጽሞ የሚውጥ ገጽ ያስፈልጋል።

ጠንካራ የእንጨት ዴስክ የሚውጠው ጥቂት ነው፤ ጥቅሙ የሚነጥረውን ድምፅ መበታተኑ ነው። መጽሐፍ የሞላው መደርደሪያም እንዲሁ ይበትናል። በደንብ የሚውጡት ወፍራም መጋረጃ፣ ምንጣፍ፣ ጨርቅ የለበሰ ማስታወቂያ ሰሌዳና የተማሪዎቹ የራሳቸው አካልና ልብስ ናቸው። መጋረጃውና ሰሌዳው በአንድ ጥግ ከሚከማቹ በተለያዩ ግድግዳዎች ቢከፋፈሉ ይሻላል።

ዕቃው ራሱም ይጮኻል። የብረት ወንበር እግር ሲሚንቶ ላይ ሲጎተት ልጆቹ አንድ ዓረፍተ ነገር ያመልጣቸዋል። እግሩ ላይ ጎማ ማልበስ ርካሽ መፍትሔ ነው።

ርእሳነ መምህራንና ወላጆች፣ ባዶ ክፍል ውስጥ አንድ ጊዜ አጨብጭቡና ስሙ። ድምፁ ከጭብጨባው በኋላ ከቀጠለ፣ መምህሩ እንዲጮኽ ከመጠየቃችሁ በፊት መጋረጃና የወንበር ጎማ ግዙለት።