ወደ ጎሳይኩንዳ ሐይቅ

በኔፓል አገር፤ በሂማላያ ተራሮች መካከል፤ ጎሳይኩንዳ የሚባል ሐይቅ አለ። ከፍታውም ከባሕር ወለል በላይ 4,380 ሜትር ነው። የአገሩ ሰዎች፤ ሺቫ የተባለው አምላካቸው መርዝ ጠጥቶ ጉሮሮው በተቃጠለ ጊዜ ባለ ሦስት ጣት ጦሩን በተራራው ላይ ቢሰካ ውኃው ፈለቀለት ይላሉ። ስለዚህ በክረምት ወራት ጨረቃ ሙሉ ስትሆን ብዙ ሕዝብ ሊታጠብበት ይወጣል።

እኛም አራት ሁነን ከአንድ መንገድ መሪ ጋራ ከዱንቼ መንደር ተነሣን። የመጀመሪያውን ቀን ጫካ ለጫካ ስንወጣ ውለን ማታ ሲንግ ጎምፓ ደረስን፤ ከፍታው 3,300 ሜትር ያህል ነው። መሪያችን በማግስቱ እንድናርፍ ቢመክረን፤ ጕልበታችንን ተማምነን አልሰማነውም።

በሁለተኛው ሌሊት፤ 3,900 ሜትር ገደማ በሆነው በላውሬቢና፤ ከመካከላችን በዕድሜ የሚያንሰውን ራሱን አመመው። ድካም ነው ብሎ ደበቀን። ሲነጋ ግን አስመለሰው፤ እንደ ሰከረ ሰውም ተንገዳገደ። አየሩ በሳሳበት ከፍታ ፈጥኖ የወጣ ሰው የሚይዘው ሕመም ይህ ነው፤ ወደ አንጎል ከደረሰ ይገድላል፤ ዋናው መድኃኒቱም ሳይዘገዩ መውረድ ነው። ጥፋቱ የሁላችን ነበረ። ነገር ግን ይህን ጉዞ ለዓመታት ሲመኝ የኖረው ታላቅ ወንድሙ፤ አንድ ቃል ሳይናገር ጓዙን ተሸክሞለት፤ ክንዱን ይዞ አብሮት ወረደ።

የቀረነው ሐይቁን አየነው፤ ጥልቅ ሰማያዊ ነው፤ ጸጥታውም ያስፈራል። በአራተኛው ቀን ሲንግ ጎምፓ ስንመለስ፤ ታናሽዮው ድኖ የአገሩን አይብ ሲበላ አገኘነው። ታላቅዮው፦ «ሐይቁ እንዴት ነው?» ብሎ ቢጠይቀን፤ አሳንሰን ነገርነው።